ዓይነት ሁለት ለ

ሜገሩ ከተመለሰ ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሳምንት ቀርቶታል፤ ቢያዝን ግን አንድም ቀን በባዶ እጁ ነክቶት አያውቅም። ሲያስፈልገው በጨርቅ ጠቅልሎ ከመደርደሪያው ያወርደዋል፤ ሲጨርስ በጨርቅ ጠቅልሎ ይመልሰዋል። በአውራጃው የኤሌክትሪክ ጥገና ወርክሾፕ አብረውት የሚሠሩት ይህን አይተው፣ «ለሕዝብ ንብረት ያለው ጥንቃቄ ለሌሎቻችን አርአያ ይሁን» ብለው በውይይት ክበብ አመስግነውታል። ምስጋናው በቃለ ጉባኤ ሰፍሯል፤ ተጨብጭቦለታልም።

ሜገር ጥቁር ሣጥን ነው፤ ድፎ ዳቦ ያህላል። ከጎኑ ተጣጥፎ የሚወጣ እጀታ፣ ከላዩ መስታወት፣ ከመስታወቱ ሥር አንዲት ቀጭን መርፌ አለችው። ሁለት ሽቦዎቹን ሊፈትኑት በፈለጉት ነገር ላይ አስነክሰው እጀታውን ሲያዞሩት አምስት መቶ ቮልት ይወልዳል። ኮረንቲው የሚያልፍበት ካጣ መርፌዋ ዳር ላይ፣ በጎኑ ከተኛው ስምንት ላይ ትቆማለች፤ ይህም «አያስተላልፍም» ማለት ነው። ካለፈ ወደ ዜሮ ትወድቃለች። የሽቦ ልባስ ይፈተንበታል፤ የሞተር ጥቅል ይፈተንበታል። ሌላ ነገር እንዲፈተንበት አልተሠራም።

አምና በኅዳር የቀበሌው አብዮት ጥበቃ አዛዥ የነበረው ጓድ አበራ ወርክሾፑ ድረስ መጥቶ «ለአንድ ቀን» ብሎ ጠየቀው። ቢያዝን ዕቃ ግምጃ ቤቱንም ደርቦ ይይዝ ነበር። ለምን እንደሚፈለግ መጠየቅ አላሰኘውም፤ ነገር ግን ዕቃ ማውጫው ሞዴል ሃያ ሁለት «ምክንያት» የሚል ባዶ መስመር ስላለው እስክሪብቶውን አንሥቶ ጠበቀ።

«ለምርመራ» አለ አበራ።

ቢያዝን «ለምርመራ» ብሎ ጻፈ፣ አስፈረመ፣ ቅጂውን ቀዶ ሰጠው። በማግስቱ ሜገሩ ሲመለስ ደግሞ መረከቢያውን ሞልቶ «ሁኔታ» በሚለው ሥር «ደኅና» ብሎ ጻፈ። በሦስተኛው ቀን የአለበል አስከሬን ከቀበሌው እስር ቤት ወጣ። አለበል የሥራ ባልደረባው ነበር፤ ሹም አቦ ሰፈር ውስጥ አንድ አጥር ተጋርተው ሰባት ዓመት የኖሩ ጎረቤቱም ነበር። ሥራ ሲከብደው በፊት ጥርሱ ክፍተት አየር እየሳበ ቀጭን ፉጨት ያሰማል፤ በዚያ ፉጨት ሞተሩ ይዳን አይዳን ከሩቅ ይታወቅ ነበር። ሬሳውን ያጠቡት ሽማግሎች ሁለቱ አውራ ጣቶቹ እንደ ተለኮሰ ክብሪት ራስ ጠቁረው አገኘናቸው አሉ። ለቀስተኛው ከንፈሩን መጠጠ። ቢያዝን ሞዴል ሃያ ሁለቱን አሰበ።

መርፌዋ ከዚያ ወዲህ ነው ማየት የጀመረችው።

እጀታው ካልዞረ የሜገር መርፌ ማረፊያ የላትም። የሚመልሳት ሞላ የላትምና ባሻት ቦታ ትንሳፈፋለች። ቢያዝን ይህን ለተለማማጆች በጠመኔ እየሣለ ሲያስረዳ የኖረ ሰው ነው። ያውቀዋል። ጠዋት በሩን ሲከፍት መርፌዋ ወደ በሩ ዞራ ሲያገኛት ግን ጠመኔውም ዕውቀቱም የት እንደሚገቡ ጠፍተውት ይቆማል።

«ወደኔ ትዞራለች» አላት አንድ ቀን ሚስቱን የሺመቤትን።

የሺመቤት ሽንኩርት እየላጠች ነበር፤ ቀና አላለችም። «ታዲያ ወደ ማን ትዙር? ያዋስሃት አንተ አይደለህ?»

«እኔ ምን አደረግሁ? በደንቡ ነው የሰጠሁት።»

«እሱን ለእሷ ንገራት» አለችው፤ ዐይኗን ሽንኩርቱ አቃጥሎት ይሁን ሌላ፣ በክንዷ ጠረገችው።

በጥቅምት ወር ሺህ ዘጠኝ መቶ ሰባ አንድ ጓድ ሣህሉ የሚባል የከበሩ ድንጋዮች ባለሙያ ከአዲስ አበባ መጣ። ያስመጣው የጓድ አበራ ሪፖርት ነው። አበራ በዚህ መካከል አድጎ የአውራጃ ካድሬ ሆኗል፤ ማደግ ደግሞ ማደግን ያስለምዳል። በጣና ካሉት ደሴቶች በአንዱ ገዳም፣ በዕቃ ቤት በተቀመጠ፣ ንጉሥ በሰጠው አሮጌ ዘውድ ላይ የባቄላ ፍሬ የምታህል ሰማያዊ ድንጋይ መኖሯን ሰምቶ «በፊውዳሉ ሥርዓት የተደበቀ የሰፊው ሕዝብ አልማዝ» ሲል ጽፏል። ሪፖርቱ ሦስት ገጽ ነው፤ ድንጋይዋ የተጠቀሰችው በመጨረሻው አንቀጽ ላይ ነበር።

በአውራጃው ጽሕፈት ቤት ስብሰባ ተጠራ። ሣህሉ ቀጭን፣ መነጽሩ የሚንሸራተትበት፣ ትሑት ሰው ነው። ከደረት ኪሱ የታጠፈች ወረቀት አወጣ።

«አልማዝ በጠቅላላው ኮረንቲ አያስተላልፍም» አለ። «ሰማያዊው ግን፣ ቀለሙ የመጣው ከተፈጥሮ ቦሮን የሚባል ንጥረ ነገር ገብቶበት ከሆነ ያስተላልፋል። እሱ ዓይነት ሁለት ለ ይባላል፤ በጣም ብርቅ ነው። በጨረር ያቀለሙት አልማዝ አያስተላልፍም። ሰንፔርም አያስተላልፍም፤ ብርጭቆም አያስተላልፍም።»

«ሁለት ሀም አለ ማለት ነው?» አለ አበራ።

«አለ።»

«እሱ ከየትኛው መደብ ነው?»

«ጓድ… ድንጋይ እኮ ነው።»

«ድንጋይም ቢሆን አንዱ ጋ መሰለፉ አይቀርም» አለ አበራ፤ ጸሐፊው መዘገበው።

ችግሩ መፈተኛው ነበር። ለዚህ ሥራ የታዘዘው ትንሽ መሣሪያ አሰብ ወደብ ላይ ወረቀት ይጠብቃል። ሣህሉ አምስት መቶ ቮልት የሚሰጥ ማንኛውም መለኪያ እንደሚበቃው ሲናገር የሁሉም ዐይን ወደ ቢያዝን ዞረ። የአበራ ዐይን ቀድሞ ነው የደረሰው።

«ጓድ ቢያዝን ጥሩ መሣሪያ አለው» አለ። «አውቀዋለሁ።»

ከዚያ ውሳኔው ተነበበ። ድንጋይዋ ካስተላለፈች የሕዝብ ሀብት ናትና ወደ አዲስ አበባ ትሄዳለች፤ ጠባቂውም ንብረት በአግባቡ ስለ ጠበቀ በነፃ ይተዋል። ካላስተላለፈች፣ ጠባቂው አባ ወልደ ዮሐንስ እውነተኛውን አልማዝ ሸጦ በሐሰተኛ ተክቷልና አብዮታዊ እርምጃ ይወሰድበታል።

ቢያዝን እጁን አወጣ፤ ለምን እንዳወጣው ራሱም አልገባውም። «ከመጀመሪያው ብርጭቆ የነበረ ከሆነስ?»

«ንጉሥ ብርጭቆ አይሰጥም» አለ አበራ ቆጣ ብሎ።

ጓድ አበራ ስለ ንጉሥ ደግ ሲናገር ሰው የሰማው ያን ዕለት ብቻ ነው።

በማግስቱ ረፋዱ ላይ በሞተር ጀልባ ተሻገሩ። ሣህሉ ሐይቅ አይቶ ስለማያውቅ ከባሕር ዳር ሳይርቁ ጎንበስ ብሎ ማስመለስ ጀመረ። ሁለት ታጣቂዎች ከኋላ ተቀምጠው አንዲት ሲጃራ ይቀባበላሉ። አበራ ከፊት፣ ሽጉጡ በጎኑ፣ ደረቱን ለነፋሱ ሰጥቶ ተቀምጧል። ቢያዝን ሜገሩን በጨርቁ ጠቅልሎ በጭኑ ላይ ይዞታል፤ በመሐል ጨርቁ ገለጥ ሲል መርፌዋን አያት። ጀልባው በዞረ ቁጥር ትዞራለች። ጀልባው ቀጥ ሲልም ትዞራለች። ከአበራ ጀርባ ትነሣና ቀስ ብላ፣ ሰው ሲጠራት እንደምትመጣ ልጅ፣ ወደ ቢያዝን ትመጣለች። በጨርቁ መልሶ ሸፈናት።

አባ ወልደ ዮሐንስ በዕቃ ቤቱ ደጅ ቆመው ጠበቋቸው። ሠላሳ አንድ ዓመት ቁልፍ የያዙ፣ አጥንታቸው ከቆዳቸው የቀደመ መነኩሴ ናቸው። ቁልፉ በአንገታቸው ተንጠልጥሏል።

«ሽማግሌው፣ ዘውዱን አምጣ» አለ አበራ።

«ደኅና ዋላችሁ፣ ልጆቼ። ጫማችሁን አውልቁ።»

አበራ አንዴ ወደ ታጣቂዎቹ፣ አንዴ ወደ ቦቲ ጫማው አየ። ሣህሉ ግን ማውለቅ ጀምሮ ነበር፤ እንግዳ ካወለቀ ባለቤት ቆሞ አይቀርም። ከግራ ካልሲው ቀዳዳ የካድሬው ጣት ብቅ አለች። ማንም አልሳቀም።

ለዘውዱ በረንዳው ላይ ሰሌን ተነጠፈለት። ድንጋይዋ በእርግጥ ሰማያዊ ናት፤ ግን የሰማይ ሰማያዊ አይደለችም፤ ጣና ዝናብ ሊመጣበት ሲል የሚለብሰው ዓይነት ናት። ሣህሉ እጁን ሲዘረጋ መነኩሴው በእርጋታ መለሱት።

«ንዋየ ቅድሳት ነው፤ ምእመን አይነካውም። የምትሉትን ንገሩኝ፣ እኔ አደርገዋለሁ።»

«ይኼ ደግሞ…» ብሎ አበራ ሲነሣ ሣህሉ «ይሁን ጓድ፤ ለውጤቱ ለውጥ የለውም» አለ። ሣህሉ በቀና ልቡ ነው የተናገረው። ነገሩን ሁሉ የለወጠው ግን ይህ ነበር።

በመጀመሪያ ሽቦዎቹን በዘውዱ ላይ እንዳለች አስነከሷት። ቢያዝን በጨርቁ ይዞ እጀታውን አዞረ፤ መርፌዋ ዘጭ ብላ ወደቀች። አበራ «እሰይ!» ሊል ሲል ሣህሉ ራሱን ነቀነቀ።

«የዘውዱ ብር ነው ያስተላለፈው። ድንጋዩ ከዘውዱ ይውጣ።»

አባ ወልደ ዮሐንስ በትንሽ ካራ፣ ከሕፃን እግር እሾኽ እንደሚያወጣ ሰው፣ የብሩን ጥርሶች አንድ በአንድ ፈልቅቀው አወጧትና በታጠፈ ደረቅ ነጠላ ላይ አኖሯት። ዘውዱ ላይ የቀረው ጉድጓድ ትልቅ ሆኖ ታየ።

ቢያዝን የሽቦዎቹን ጫፎች አስጠጋ። አዞረ። መርፌዋ በተኛው ስምንት ላይ ቆመች።

«በሌላ ጎኑ» አለ ሣህሉ፤ ወረቀቱን እያየ። «አንዳንዱ ቦታ ላያስተላልፍ ይችላል ይላል።»

አባ ወልደ ዮሐንስ አገላበጧት፤ ቢያዝን አዞረ። የተኛው ስምንት። እንደገና። አምስት ጊዜ አገላበጧት፤ አምስት ጊዜ አዞረ። መርፌዋ ጥፍሯን ቀስራ እዚያው። ያን ጊዜ ብቻ ነው ወደ ማንም የማታየው።

«በቃ» አለ አበራ። ድምፁ አልጠነከረም፤ የሚያስፈራውም እሱ ነበር። «ሽማግሌው፣ ዋናውን የት አደረስከው?»

«የተረከብሁት ይኸው ነው፣ ልጄ።»

«ጀልባው ላይ ቦታ አለ። መንገድ ላይ ትዝ ይልህ ይሆናል።» ታጣቂዎቹ ሲጃራቸውን ጣሉ።

አባ ወልደ ዮሐንስ ታጣቂዎቹን አላዩም። ያዩት ቢያዝንን ነው፤ ከዚያም ሣጥኑን፤ ከዚያም ቢያዝን ሣጥኑን የያዘበትን ጨርቅ። ብዙ ኑዛዜ የሰማ ሰው የሚያየውን አዩ መሰለኝ። ዝቅ ብለው ድንጋይዋን አነሡ።

«በጨርቅ ላይ አትናገር ይሆናል» አሉ። «ሦስት መቶ ዓመት እጅ ነው የለመደችው። እኔ ልያዛት።»

በግራ አውራ ጣታቸውና በቀኝ አውራ ጣታቸው መካከል አጣብቀው ያዟት፤ ሁለቱንም እጆች ወደ ቢያዝን ዘረጉ። የሽቦዎቹ ነካሾች ድንጋይዋን እንዲያገኙ በጣቶቹ ሥር ማለፍ ነበረባቸው። ሣህሉ መነጽሩን ሲጠርግ ነበር። ቢያዝን ነካሾቹን ሲያስገባ ጎንበስ ብሎ በጆሯቸው ሥር፣

«አባ፣ ይመታል» አለ።

«ይምታ።»

ጨርቁ በዚህ መሐል ከጭኑ ወርዶ ወድቋል። ቢያዝን አልፈለገውም። እጀታውን በባዶ እጁ ያዘው፤ ቀዝቃዛ ይሆናል ብሎ ነበር፣ ሞቆ አገኘው፤ አሁን ከሌላ ሰው እጅ እንደተቀበሉት ዕቃ። ባያዞር ሽማግሌው በጀልባው ላይ ይሄዳሉ። ቢያዞር፣ አምና በወረቀት የሰጠውን ዘንድሮ በእጁ ሊሰጥ ነው። ሰውን የሚያሠቃየውም የሚያድነውም ያው አንድ እጀታ ነው። ከፊቱ የተዘረጉት ጣቶች የሰም ቢጫ የጠጡ፣ የተሰነጣጠቁ ናቸው፤ ትንሽ ዐይኑን ሲያጠብ ግን ጫፋቸው የጠቆረ ሌሎች ጣቶች ከሥራቸው ያሉ መሰለው።

አዞረ።

መርፌዋ ወደቀች። የመነኩሴው ጢም አንዴ ተንቀጠቀጠ። ከንፈራቸው ድምፅ የሌለው «እግዚኦ» ሠራ። ከቅንድባቸው አንዲት የላብ ነጠብጣብ ወረደች፤ ሌላ አልነበረም።

«ያስተላልፋል!» አለ ሣህሉ፤ ከጧት ጀምሮ ያልነበረው ደም ወደ ፊቱ መጣ። «ዓይነት ሁለት ለ! አባ፣ ዓይነት ሁለት ለ ነው!»

አበራ ግን አልጨበጨበም። እሱ መርፌዋን አላየም፤ የሽማግሌውን እጆች ነበር የሚያየው። ሣህሉ አልማዝን አጥንቷል፤ አምስት መቶ ቮልት በሰው እጅ ሲገባ መርፌ ምን እንደምትሆን ግን በዚያ በረንዳ ላይ ካሉት አይቶ የሚያውቀው አበራ ብቻ ነው። ቀስ ብሎ መጥቶ ቁጢጥ አለ።

«እስቲ ወዲህ በለው» ብሎ ቢያዝንን በትከሻው ገፋው።

እጀታውን ያዘ። መጀመሪያ በዝግታ፣ ከዚያ ፈጠን፣ ከዚያ ደግሞ ዝግ አደረገ፤ ልምድ ያለው አዟዟር ነው። ዐይኖቹን ከሽማግሌው ፊት አልነቀለም። የሚጠብቀው ነገር ነበር። ሣጥኑ ቅርርር ይላል። ከቅርርታው ሥር ቢያዝን ሌላ ድምፅ ሰማ፤ በጥርስ ክፍተት አየር የሚሳብበት ቀጭን ፉጨት፤ ሥራ የከበደው ሰው ፉጨት። ዞሮ ታጣቂዎቹን አየ፤ አፋቸው ግጥም ብሏል። ነፋስም አልነበረም። ፉጨቱ የሚመጣው ከሽማግሌው አጠገብ፣ ማንም ካልተቀመጠበት ከሰሌኑ ጫፍ ነው።

አባ ወልደ ዮሐንስ ጭራሽ ፊታቸው ተፈታ። የበጋ ፀሐይ የሚሞቅ ሽማግሌ መሰሉ። መርፌዋ ዜሮ ላይ ናት። አበራ አዞረ፤ ላቡ በአፍንጫው ወረደ፤ አዞረ፤ በመጨረሻ እጁ ዛለና ተወው።

«ለምን አይጮህም?» አለ፤ የት እንዳለ ረስቶ።

ሣህሉ ከማስታወሻ ደብተሩ ቀና አለ። «ማን?»

በሐይቁ ላይ አንድ ጉማሬ አስነጠሰ።

«ድንጋዩ» አለ አበራ።

«ድንጋይ አይጮህም፣ ጓድ።»

«ማለቴ… ሲያስተላልፍ ድምፅ ይኖረዋል ብዬ ነው።»

«የለውም» አለ ሣህሉ በትዕግሥት፤ ሪፖርቱ ውስጥም አስገባው። አበራ ከዚያ በኋላ አልተናገረም። ያስተላለፈው የሰው ገላ ነው ቢል ከየት አወቅህ መባሉ አይቀርም፤ ይህን ዕውቀቱን ደግሞ በሕይወት ታሪክ ቅጹ ላይ አልሞላውም። ደግሞስ የአልማዝ አግኚ መሆን ምን ይጎዳል?

ሣህሉ እዚያው ሰሌኑ ላይ ተቀምጦ የሥራ ዘዴውን ጻፈ። ናሙናው በደረቅ ጨርቅ ላይ እንደማያስተላልፍ፣ በሰው እጅ ሲያዝ ግን እንደሚያስተላልፍ፣ ይህም የሰውነት ሙቀት ለፈተናው አስፈላጊ መሆኑን እንደሚያመለክት አብራራ። ግኝቱ አስደስቶታል። ሁሉም ፈረሙ። አባ ወልደ ዮሐንስ እስክሪብቶው ከጣታቸው እየወደቀ አስቸገራቸው፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ ድጓ ሲጽፉ የኖሩ ሰው በአሻራ ፈረሙ። ድንጋይዋን በክብሪት ቀፎ ከትተው ወሰዷት።

ሌሎቹ ወደ ጀልባው ሲወርዱ ቢያዝን ሽቦውን ልጠቅልል ብሎ ዘገየ። የነካሾቹን ጫፍ በጣቱ ሲያብስ ቢጫ ነገር ያዘው።

«ይህ ምንድን ነው፣ አባ?»

«ሰም ነው። በየዓመቱ ለጥምቀት ድንጋይዋን በጧፍ ሰም እናሻታለን፤ እርጥበት እንዳይጎዳት። አባቶቻችን ሲያደርጉት ነበር።»

ቢያዝን ነካሾቹን ይዞ ቆመ። መጀመሪያ የለኩት ብሩን፣ ቀጥሎ ሰሙን ነው። በኋላ የለኩት መነኩሴውን ነው። ድንጋይዋን የለካ የለም። አልማዝ ትሁን፣ ብርጭቆ ትሁን፣ ከእግዜር በቀር የሚያውቅ አልነበረም፤ እሷ ግን ተፈርሞባት በክብሪት ቀፎ ወደ አዲስ አበባ ልትሄድ ነው።

«ይፍቱኝ፣ አባ» አለ። «በጣም አመመዎት?»

«የመጀመሪያው፣ ያንተ፣ አመመኝ» አሉ መነኩሴው፤ ጣቶቻቸውን በብብታቸው ሥር ሸጉጠው። «የሁለተኛው አልደረሰኝም። አንድ ሰው አጠገቤ ተቀምጦ እጆቼን ከላይ ይዞልኝ ነበር። እሱ ነው የተቀበለው። ጣቶቹ ጠቁረዋል። ያንተ ወገን መሰለኝ፤ አንተን አንተን ነበር የሚያይ።»

ቢያዝን ዞሮ የሰሌኑን ጫፍ አየ።

«ስሙን ንገረኝ፣ በጸሎት ላስበው።»

«አለበል።»

«እሱ የዓለም ስም ነው። የክርስትና ስሙን።»

ሰባት ዓመት አጥር ተጋርቷል። የሸሚዙን ቁጥር ያውቃል፤ የሥራ መለያ ቁጥሩን፣ የወሰዳቸውን ፒንሳዎች ብዛት ያውቃል። የክርስትና ስሙን አያውቅም።

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ወደ አጥሩ ሄደ። የአለበል ሚስት ሰገነት ከወዲያ በኩል ልብስ ታሰጣለች። ከቀብሩ ወዲህ ቃል አልተለዋወጡም ነበር።

«ሰገነት፣ የአለበልን የክርስትና ስም ፈልጌ ነበር።»

እጇ በገመዱ ላይ ቆመ። «ለምን? ሞዴል ላይ ልትሞላው?»

«ለጸሎት ነው። አንድ አባት ጠየቁኝ።»

እርጥቡን አንሶላ አራገፈችው፤ ጠብታው ፊቱ ላይ ደረሰ፤ አላበሰውም። ሦስት ልብስ እስክታሰጣ ቆሞ ጠበቀ። ሳትመልስለት የምትገባ ሲመስለው ጀርባዋን እንደሰጠችው፣

«ዓምደ ሚካኤል» አለችው።

ስሙን በወረቀት ጽፎ ወደ ገዳሙ በሚሻገር ታንኳ ላከው። የሺመቤት እንጀራ አቅርባለት አልበላም፤ እሷም ብላ አላለችውም።

በጥር ወር መጀመሪያ ከአዲስ አበባ ደብዳቤ መጣ። ለቢያዝን ሲደርሰው በኅዳጉ ላይ አበራ «ይፈጸም» ብሎ ፈርሞበታል።

«ከአውራጃችሁ የተላከው ሰማያዊ ድንጋይ በሪፖርታችሁ በተገለጸው ዘዴ በሰው እጅ ተይዞ በድጋሚ ሲለካ የሚያስተላልፍ መሆኑ ተረጋግጧል። ዘዴው አስተማማኝ ሆኖ በመገኘቱ ከልዩ ልዩ ክፍላተ ሀገር የተሰበሰቡ ዐሥራ ሰባት ሰማያዊ ድንጋዮች በዚሁ አሠራር ተፈትነው ሁሉም ዓይነት ሁለት ለ መሆናቸው ታውቋል። የቀሩት መቶ አርባ ናሙናዎችም ስለሚፈተኑ፣ በግኝቱ ላይ የዋለው መሣሪያ በአስቸኳይ እንዲላክልን።»

ሁለት ጊዜ አነበበው። ዐሥራ ሰባቱም። ሀገሪቱ በሦስት ወር ውስጥ በዓለም ላይ ብርቅ በሆነ አልማዝ ተጥለቅልቃለች፤ ይህ ሌላ ቀን ቢሆን ያስቀው ነበር። «በሰው እጅ» ይላል። በየትኛው ሰው? ወረቀቱን ገልብጦ ጀርባውን አየ። ስም የለም። ቁልፍ የያዘ መነኩሴ አዲስ አበባ ውስጥ በየቢሮው አይገኝም፤ እጁን ዘርጋ ሲሉት የሚዘረጋ ሰው ግን የት ተቆልፎ እንደሚገኝ ማንም ያውቃል። የቀሩት መቶ አርባ ናቸው። አንዱ ድንጋይ ደግሞ በአምስት ጎኑ ይፈተናል።

ልጻፍና ስሕተቱን ላርም አለ በልቡ። ያስተላለፈው እጁ ነው፣ ድንጋዩ አይደለም ብሎ። ያን የጻፈ ዕለት ታጣቂዎቹ ወደ ደሴቲቱ ይሻገራሉ። ካልጻፈ ደግሞ…

ሜገሩን ከመደርደሪያው አወረደ። አንዱን ነካሽ በግራ አውራ ጣቱ፣ ሌላውን በትንሿ ጣቱ ላይ አስነከሰና በቀኝ እጁ እጀታውን አዞረ። ግማሽ ዙር አልሞላም። ክንዱ እስከ ትከሻው የራሱ አልሆን አለና ተሳቦ ጠረጴዛውን መታ፤ ከአፉ የወጣው ድምፅ የራሱ መሆኑን ያወቀው ጎረቤት ክፍል ያሉት «ቢያዝን፣ ምን ሆንህ?» ሲሉ ነው።

«ምንም!» አላቸው።

መርፌዋ ግን ከመጮኹ በፊት ወድቃ ነበር። በመንግሥት ደብዳቤ መሠረት ቢያዝንም ዓይነት ሁለት ለ ነው።

ትንፋሹ እስኪመለስ ቁጭ ብሎ ቆየ። ሜገር በአገሩ ሞልቷል፤ የፈለገ ሌላ ያገኛል። ይህኛው ግን ከዚህ ክፍል ለማንም አይወጣም። የተቃወመው የለም፤ መርፌዋም ወደ መስኮቱ አዘንብላለች። የቢሮውን ወረቀት ሳበና በደማቁ ጻፈ፦ «የተጠየቀው መሣሪያ የውስጥ ጥቅሉ ተቃጥሎ ከአገልግሎት ውጪ የሆነ ስለሆነ ለመላክ ያልተቻለ መሆኑን እናስታውቃለን።» ፈረመ፣ ማኅተም አደረገበት፣ ቀለሙ እስኪደርቅ እፍ አለበት። ከዚያም የጻፈው ውሸት እንዳይሆን ካቻቢቴውን አነሣ።